የጥራት ቡድን ስትመርጡ ከሚዛን ቤት ጀምሩ

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ፋብሪካ አይኤስኦ፣ ማለትም የጥራት ሥራ አመራር ሰርተፊኬት፣ ሊወስድ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚወጣው ደብዳቤ ነው። የኮሚቴ ማቋቋሚያ ደብዳቤ። ሰብሳቢ፣ የምርት ክፍል ኃላፊ። ጸሐፊ፣ የጥራት ክፍል ኃላፊ። አባላት፣ ፋይናንስ፣ ግዥ፣ የሰው ኃይል፣ ጥገና። ግልባጭ ለሁሉም ክፍሎች። ደብዳቤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ሠራተኛው ቆም ብሎ ያነበዋል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። በተለያየ ፋብሪካ የሚሠሩ ወዳጆች አሉኝ። ሲያወሩኝ ጅማሬው ያው አንድ ነው።

እኔ የምሠራው ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ጥራት ላይ። ቤቴ ደሴ ነው። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጠመዝማዛ ስለሆነ ለወሬ ይበቃል። አብረውኝ ከሚሳፈሩት ብዙዎቹ የፋብሪካ ሰዎች ናቸው። ሰነዱን እንዴት ጻፋችሁት፣ አማካሪ ስንት ጠየቃችሁ ይሉኛል። ቡድኑን እንዴት መረጣችሁት ብሎ የሚጠይቀኝ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን አንዴ ጀምሮ መሃል ላይ የቆመበት ሰው ነው። ይህን የምጽፈው ገና ሳይጀምሩ ይህን ጥያቄ እንዲጠይቁ ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰርተፊኬቱ ትንሽ ላስረዳ። አይኤስኦ መቀመጫው ጄኔቭ የሆነ ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ነው። ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም ሰርተፊኬት አይሰጥም። 9001 የሚባለው የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እኛ የሠራንበት በዚያው አቆጣጠር የ2015ቱ እትም ነው። ሰርተፊኬት የሚሰጡት ሌሎች ገለልተኛ ድርጅቶች ናቸው። በአገራችን የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በ2003 ዓ.ም ለአራት ተቋማት ተከፍሏል። አንዱ ደረጃ ያወጣል፣ አንዱ ሥነ-ልክ ማለትም የመለኪያዎችን ትክክለኛነት ይይዛል፣ አንዱ መዛኞቹ ራሳቸው ብቁ መሆናቸውን እየመሰከረ አክሪዲቴሽን ይሰጣል፣ አራተኛው የተስማሚነት ምዘና ይሠራል፤ ምርቱ ወይም አሠራሩ ከደረጃው ጋር መግጠሙን ያያል። ሰርተፊኬት የሚሰጠው ይህ አራተኛው ነው። ከውጭ የመጡ ሰጪዎችም አሉ።

ሰርተፊኬት ሰጪው የሚልካቸው ፈታሾች፣ ኦዲተሮቹ፣ ለመጀመሪያው ሰርተፊኬት በሁለት ዙር ይመጣሉ። በመጀመሪያው ዙር ዝግጅታችሁንና ሰነዳችሁን ያያሉ። በሁለተኛው ወደ ሥራው ቦታ ወርደው የተጻፈው በእርግጥ እየተሠራ መሆኑን ያያሉ። ያለፈ ፋብሪካ ሰርተፊኬቱ 3 ዓመት ያገለግለዋል፤ በመሃል ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለክትትል ይመለሳሉ። በሁለተኛው ዙር ከባድ ግድፈት ከተገኘና መታረሙ በ6 ወር ውስጥ ካልተረጋገጠ ሁለተኛው ዙር እንደገና ይደረጋል። ወጪውም እንደገና ነው።

ልብ በሉ፣ በሁለተኛው ዙር ኦዲተሩ ብዙውን ሰዓት የሚያጠፋው ከኮሚቴው ጋር አይደለም። ሚዛን ቤት የቆመችውን ልጅ ያናግራታል። "እርጥበቱ ከልክ ያለፈ ጭነት ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ?" ይላታል። መልሷን ከሰማ በኋላ "የት ነው የምትመዘግቢው? እስኪ ያለፈውን ሳምንት አሳዪኝ" ይላል። እዚያ ላይ የጥራት ፖሊሲውን በቃሏ ብትወጣው ብዙም አይጠቅማትም። መዝገቡ ካለና የተናገረችው ከመዝገቡ ጋር ከገጠመ አለፈ። ካልገጠመ ደብዳቤው ላይ የተፈረመው ፊርማ ሁሉ አያድነንም።

ስለዚህ ቡድኑን ስንመርጥ የመዋቅር ሰንጠረዡን ወደ ጎን አድርገን ስንዴውን ተከተልነው። ስንዴው በበር ይገባል። ጥበቃ ይመዘግበዋል። ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ናሙና ይወሰድለታል። ላቦራቶሪ እርጥበቱንና ንጽሕናውን ያያል። ንብረት ክፍል ይረከበዋል። ይበጠራል፣ በውሃ ይረጥባል፣ ያርፋል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። ፉርሽካው በአንድ በኩል፣ ዱቄቱ በሌላ በኩል ይወጣል። ከዚያ ይሞላል፣ ይሰፋል፣ ይደረደራል፣ ይጫናል። በእያንዳንዱ ቦታ ቆመን አንድ ጥያቄ ጠየቅን። እዚህ ጋ ነገር ሲበላሽ ሰው ሮጦ የሚጠራው ማንን ነው?

መልሱ ከኃላፊው ስም ጋር የገጠመው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ደሴ ውስጥ ትልቅ ድግስ ሲደገስ ወጥ ቤቱን ማን እንደሚመራው ታውቃላችሁ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሰብሰብ ቢልም ሴቶቹ ዘወር ብለው የሚያዩት አንዲቷን ሴትዮ ነው። ማንም ደብዳቤ አልጻፈላትም። እጇን ግን ሁሉም ያውቃል። ፋብሪካም እንደዚሁ ነው፤ በየክፍሉ አንድ አንድ እንደዚህ ያለ ሰው አለ።

ንብረት ክፍላችን ውስጥ አንዲት እትዬ አሉ። ያለ ወረቀት አንዲት ከረጢት ከመጋዘን አትወጣም። ሥራ አስኪያጁ በስልክ ቢያዛቸውም "እሺ ጌታዬ፣ ወረቀቱ ይምጣልኝ" ነው መልሳቸው። ብዙ ሰው ችኮ ናቸው ይላቸው ነበር። እኔ ግን ደረጃው የሚጠይቀውን የሰነድ አያያዝ ከእሳቸው የተሻለ የገባው ሰው ፋብሪካው ውስጥ አላየሁም። የ9001ን አንቀጽ አንብበው አያውቁም። የትኛው ጭነት፣ በየት ቀን፣ ከማን፣ ለማን የሚለውን ግን በደቂቃ አውጥተው ያሳዩሃል። ከየትኛው ስንዴ የትኛው ዱቄት እንደወጣ ወደ ኋላ ሄዶ ማግኘት የሚባለው ነገር በእሳቸው መደርደሪያ ላይ ከጥንትም ነበረ። ቡድኑ ውስጥ መጀመሪያ የገቡት እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው የወፍጮው ጋሼ ናቸው። ስንዴ ከመፈጨቱ በፊት ይረጥባል። ቆዳው እንዳይሰባበርና ከዱቄቱ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ውስጡም እንዲለሰልስ ነው። ብዙ ጊዜ እርጥበቱን 15 እና 16 በመቶ አካባቢ ያደርሱታል። ለስላሳው ስንዴ ጥቂት ሰዓት ካረፈ ይበቃዋል፣ ጠንካራው እስከ አንድ ቀን ይፈልጋል። ጋሼ ይህን በመሣሪያ ከማየታቸው በፊት በእጃቸው ያውቁታል። እፍኝ ስንዴ ዘግነው ያሻሉ፣ አንዱን ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ፣ "ገና ነው" ይላሉ። መሣሪያው ብዙ ጊዜ ይስማማቸዋል። ችግሩ ይህ እውቀት የትም አልተጻፈም። መጻፍም አይወዱም።

ስለዚህ ከጎናቸው አንድ ወጣት አደረግን። እዚሁ ኮምቦልቻ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የወጣ ልጅ ነው። ሥራው ጋሼን ማረም ሳይሆን መጠየቅና መጻፍ ነበር። "ጋሼ፣ ይሄን ለምን ዛሬ ቀነሱት?" ይላል። ጋሼ ያስረዱታል። ልጁ ይጽፋል፣ ማታ አንብቦላቸው ያሳርማል። በዚህ መንገድ የተጻፈው የሥራ መመሪያ ከሁሉም አጭሩ ነው። ሠራተኛው በብዛት የሚያየውም እሱን ነው። ምክንያቱም ቋንቋው የእነሱ ቋንቋ ነው። ወጣትና አንጋፋን ማጣመር ለቡድን ከሚደረጉት ነገሮች ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ይመስለኛል። አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል። ወጣቱ የሚሰማ ልጅ መሆን አለበት። ጎበዝ ሆኖ የማይሰማ ልጅ እንዲህ ላለው ቦታ አይሆንም።

የማታ ፈረቃ ነገር ብቻውን ሊወራ የሚገባው ነው። ኮሚቴዎች ቀን ይሰበሰባሉ። ፋብሪካው ግን ሌሊትም ይሠራል። መብራት ሲጠፋ፣ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ ማሽን እንደገና ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ከረጢቶች ላይ ምን ይደረጋል? ይለያሉ ወይስ ከሌላው ጋር ይሄዳሉ? ይህን የሚወስነው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃውን የያዘው ፎርማን ነው። ኃላፊዎቹ ተኝተዋል። ደረጃው ከመስፈርት ውጭ የሆነ ምርት ተለይቶ ይያዝ ይላል፤ ሌሊት ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር የሚኖረው ወይም የሚሞተው በአንድ ፎርማን ውሳኔ ነው። የማታ ሰው የሌለበት የጥራት ቡድን የፋብሪካውን ግማሽ አያውቀውም። እኛ ስብሰባውን ወደ ፈረቃ ቅያሪ ሰዓት አመጣነው። የሚወጣውም የሚገባውም እንዲገኝ። አጭር ነው፣ ብዙውን ጊዜ ቆመን ነው።

ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ስብሰባም ኦዲትም አንይዝም። ግማሹ ሠራተኛ ጁምዓ ላይ ነው። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ረጅም ሥልጠና አናደርግም፤ በዐቢይ ጾምም እንዲሁ ሰው ሳይበላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ መሆኑን እናስባለን። ወሎ ውስጥ ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። ነገር ግን ከሌላ አገር የተቀዳ የኦዲት ፕሮግራም ይህን አያውቅም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማስተካከል አለበት።

ከሽያጭም ሰው ያስፈልጋል። ከሁሉ ቀድሞ የሚረሳው እሱ ነው። ዱቄታችን ብዙው የሚሄደው ወደ ደሴ ዳቦ ቤቶች ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ብርዷም ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ የሚነሳ ሊጥ ደሴ ላይ ጊዜ ይወስዳል። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን ወቅሶ ይደውላል። አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ ብርዱ ነው። ለይቶ የሚያውቀው በሳምንት ውስጥ ፒያሳንና አራዳን፣ ሰኞ ገበያንና መናፈሻን እየዞረ ጋጋሪዎቹን የሚያገኘው የሽያጭ ሠራተኛ ነው። ደረጃው ደንበኛን ማዕከል ያድርግ ይላል። ደንበኛውን በዓይኑ የሚያየው ሰው ቡድኑ ውስጥ ከሌለ ይህ ቃል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ጥገናና ግዥ እንደሚገቡ ማንም ያውቃል፣ ብዙ አላወራም። ስለ ሚዛን ብቻ አንድ ነገር ልበል። ምርቱን የምንፈትሽበት የመለኪያ መሣሪያ ካሊብሬት መደረግ፣ ማለትም ልኩ ከታወቀ መለኪያ ጋር ተመሳክሮ መረጋገጥና ማስረጃው መያዝ አለበት። ከኮምቦልቻ አንዳንዱን መሣሪያ ይዞ አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል። ሲሄድ ሥራው በምን ይለካል? ይህን ከወራት በፊት ቆጥሮ ተለዋጭ የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። ከጥገናና ከግዥ አንድ አንድ ሰው ተቀምጠው የዓመቱን ሰሌዳ ካላወጡ ኦዲቱ ደርሶ ሚዛኑ መንገድ ላይ ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራ አስኪያጁ ልምጣ። ከ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) በፊት በነበሩት እትሞች ድርጅቱ "የአመራር ተወካይ" እንዲሰይም ይጠየቅ ነበር። ብዙ ቦታ የሆነው ምንድን ነው? ሁሉም ነገር ለተወካዩ ተወረወረ። አመራሩ ሰርተፊኬቱን ሲሰቀል ብቻ አየው። የ2015ቱ እትም ያንን መስፈርት አንስቶ ኃላፊነቱን በቀጥታ ወደ ከፍተኛ አመራሩ መለሰው። አስተባባሪ መኖሩ አልተከለከለም። ግን ሥራ አስኪያጁ "እሱን ጠይቁት" ብሎ ማምለጥ አይችልም።

ስለዚህ የቡድኑ አባል ሥራ አስኪያጁም ነው። በየስብሰባው መገኘት የለበትም። ሦስት ነገር ግን ከእሱ ውጭ ማንም አይሰጥም። ሰዓት፣ ፊርማና የማስቆም ሥልጣን። በተለይ ሦስተኛው። ጭነት ተሰልፎ፣ ሹፌር እየጮኸ፣ ደንበኛ እየደወለ "ይህ ዱቄት አይወጣም" የሚል ሰው በቡድኑ ውስጥ መኖር አለበት። ይህን የተናገረ ሰው በማግስቱ መወቀስ የለበትም። እኛ ጋ ይህ ሥልጣን በጽሑፍ ለላቦራቶሪዋ ተረኛ ተሰጠ። መጀመሪያ የተጠቀመችበት ዕለት ፋብሪካው በሙሉ ሥራ አስኪያጁን ነበር የሚያየው። "እሷ ካለች አይወጣም" አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሠራተኛው ስለ ጥራት የሚነግሩትን በሌላ ጆሮ መስማት ጀመረ። ብዙ ሥልጠና ያላመጣውን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር አመጣችው።

ከሁሉ የከበደኝን ግን ገና አልነገርኳችሁም። ይሉኝታ ነው።

ደረጃው የውስጥ ኦዲት ይጠይቃል። የራሳችሁ ሰዎች የራሳችሁን ሥራ ይፈትሹ፣ ያገኙትን ይጻፉ ይላል። ኦዲተሩ ገለልተኛ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የራስን ሥራ ራስ መፈተሽ አይቻልም። በወረቀት ቀላል ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግን እንዴት ብለህ በጎረቤትህ ላይ ግድፈት ትጽፋለህ? ልጅህን ክርስትና ባነሳ ሰው ላይ? ለቅሶህን በተቀመጠ ሰው ላይ? አባትህ በሚሆኑ ጋሼ ላይ? ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። "በቃል እነግረዋለሁ" ይላል። ቅጹ ላይ "ሁሉም በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው" ብሎ ይፈርማል። የውጭው ኦዲተር ይመጣና በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ነገር ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያፍራል ሁሉም ሰው።

ይሉኝታ ስህተት ነው ብዬ አላወራም። አብሮ መኖራችን የቆመው በእሱ ነው። አንድ ሰው በሌላው ፊት እንዳያፍር መጠንቀቅ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ይሉኝታውን ከሰዎች ውስጥ ለማውጣት ከመሞከር የኦዲቱን አሠራር ማስተካከል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሁለት ነገር ረዳን።

አንደኛው፣ የመጀመሪያው የውስጥ ኦዲት የተደረገው በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ላይ ነው። ያደረጉትም የንብረት ክፍሏ እትዬ ናቸው። መዝገባቸውን ታቅፈው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። የደንበኛ ቅሬታ ደብዳቤዎችን ጠየቁ። መልስ ሳይሰጣቸው የቆዩ ደብዳቤዎች ፋይሉ ውስጥ ነበሩ። እትዬ ጻፉት። ሥራ አስኪያጁ አነበበና ፈረመ፣ "መቼ ነው የሚታረመው?" የሚለው ላይም ቀን ሞላ። ወሬው በምሳ ሰዓት ፋብሪካውን አዳረሰ። ሥራ አስኪያጁ ላይ ተጽፎ ምንም ካልሆነ እኔ ላይ ቢጻፍ ምን ይሆናል? ሰው ይህን ማሰብ ጀመረ።

ሁለተኛው፣ ግድፈት ላይ የሰው ስም እንዳይጻፍ አደረግን። ደረጃውም ስም አይጠይቅም። የሚጠይቀው መስፈርቱ ምን ይላል፣ የተገኘው ምንድን ነው፣ ማስረጃው ምንድን ነው የሚለውን ነው። "ጋሼ መዝገብ አልሞሉም" አንልም። "በዚህ ቀን የሌሊት ፈረቃ የእርጥበት መዝገብ ላይ ሁለት መስመር ባዶ ነው" እንላለን። ከዚያ ለምን ብለን እንጠይቃለን። ሲጠየቅ መዝገቡ የተሰቀለው ወፍጮው ካለበት ፎቅ በታች መሆኑ ታወቀ። ሌሊት ደረጃ ወርዶ መጻፍ ከባድ ነው። መዝገቡ ወደ ላይ ወጣ፣ ባዶ መስመሩም ጠፋ። ጋሼም አላፈሩም፣ ልጁም አልተሳቀቀም። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መዝገቡን ላየው?" ብሎ ነው የሚገባው። እሳቸውም "ና እይ ልጄ" ይሉታል።

ለውስጥ ኦዲተርነት የምንመርጠው ሰው ጨዋ መሆን አለበት። ጨዋ ስል ለስላሳ ማለቴ አይደለም። ያየውን የማይደብቅ፣ ያየውንም ቡና ላይ የማያወራ። ቡድን ውስጥ ወሬ የሚያመላልስ አንድ ሰው ካለ ሰዉ ሁሉ መዝገቡን ይዘጋል። ችሎታ ያለው ሆኖ ምስጢር የማይጠብቅ ሰው አለ። እሱን ለሌላ ሥራ መጠቀም ይቻላል።

በቡድኑ ውስጥ አንድ ቅሬታ የሚያበዛ ሰውም አስገብተናል። ሆን ብለን። ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ "ይሄ የይስሙላ ነው፣ ሰርተፊኬቱ ከመጣ በኋላ ትረሱታላችሁ" የሚል የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ሠራተኛው ያምነዋል፣ ምክንያቱም ፈርቶ ዝም ብሎ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ውጭ ሆኖ ሲናገር ሥራው ይቆማል። ውስጥ ሆኖ ሲናገር ሥራው ይስተካከላል። "ከረጢት ሰፊዎቹ ይህን ቅጽ መቼ ነው የሚሞሉት? እጃቸው ክር ላይ ነው" ያለው እሱ ነው። ቅጹ ወደ ግማሽ ገጽ ወረደ።

ስለ አማካሪ አጭር ልበል። አማካሪ ይጠቅማል፣ በተለይ ደረጃውን ለማንበብና ሰው ለማሠልጠን። ሰርተፊኬት የሚሰጠው ድርጅት ራሱ ማማከር ስለማይችል ሁለቱን መለየት ግዴታ ነው። ነገር ግን አማካሪ የቡድኑ ምትክ አይሆንም። የሌላ ፋብሪካ ሰነድ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ስለ ጠርሙስ ማጠቢያ የሚያወራ ገጽ ነበረበት። ይህ ለአንባቢው ያስቅ ይሆናል፣ ለከፈለው ሰው ግን ያማል። አማካሪ ስትቀጥሩ ውሉ ላይ አንድ ነገር አስገቡ፦ መመሪያውን የሚጽፈው ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው፣ አማካሪው ያያል።

ብዙ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሥራን ቀስ በቀስ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ የሆነውን ካይዘንን ያውቃሉ። በጃፓኖች ድጋፍ በ2002 ዓ.ም አካባቢ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ ቃላት በየግድግዳው አሉ። የልማት ቡድኖቹም አሉ፣ ወይም ነበሩ። አይኤስኦ ሲመጣ እነሱን ትቶ አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም ያሳዝነኛል። ያ ቡድን ችግርን በሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ምክንያቱን መፈለግ ለምዷል። ደረጃው የእርምት እርምጃ የሚለው ሥራ ግማሹ ይኸው ነው። ያለውን ቀስቅሱት።

ስለ አበልም አቋም አለኝ። ለስብሰባ አበል መክፈል ቡድኑን ያበላሸዋል። ሰው ለስብሰባው ብሎ ይመጣል፣ ስብሰባውም ይበዛል። ከዚያ ይልቅ ሰዓቱን ስጡት። የሌሊት ፎርማን ከፈረቃው ውጭ ከቆየ ትርፍ ሰዓቱ ይከፈለው፣ ይህ ሕጉም ነው። የቡድን ሥራው በሥራ መዘርዝሩ ላይ ይግባ፣ በዓመት ምዘናውም ላይ ይታይ። "በተጨማሪ ሥራነት" ተብሎ የተሰጠ ነገር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚሠራው።

አሁን ስለ 2014 ዓ.ም ልናገር። ያለ እሱ የዚህ አካባቢ የጥራት ሥራ አይገባም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ገደማ ከተሞቹ እንደዚያው ቆዩ። ስንመለስ ብዙ ፋብሪካ ኮምፒውተሩንም፣ ሞተሩንም፣ መለዋወጫውንም፣ ፋይሉንም አጥቶ ነበር። ሰው ያጣ ቤት እያለ ስለ ወረቀት ማውራት ይከብዳል። ግን ሥራ መጀመር ነበረበት፣ ሰውም መብላት ነበረበት። ያኔ እኛ የተደገፍነው በሰው ትዝታ ላይ ነው። የወንፊቱ አደራደር፣ የሮለሩ ክፍተት፣ የየትኛው አቅራቢ ስንዴ በየትኛው ወር እንደሚረጥብ። ጋሼ አንዱን በቃላቸው፣ እትዬ ሌላውን በትንሽ ደብተራቸው አወጡት። ያቺን ደብተር ይዘዋት ወጥተው ነበር።

የ2015ቱ እትም ከቀድሞዎቹ የሚለይበት አንዱ ነገር "የድርጅት እውቀት" የሚል መስፈርት መጨመሩ ነው። ድርጅቱ ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገውን እውቀት ይለይ፣ ይጠብቅ፣ ለሚያስፈልገው ያድርስ ይላል። ሌላ አገር ይህን አንቀጽ የሚያነቡት ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሥራ ሲለቅ እያሰቡ ይመስለኛል። እኛ ስናነበው የምናስበው ሌላ ነው። የተቃጠለ ፋይል፣ የተወሰደ ኮምፒውተር፣ ተሰደው ያልተመለሱ ሠራተኞች። ስለዚህ በቡድናችን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ፣ ሥራው የሚያውቁ ሰዎችን እየጠየቀ መጻፍና ግልባጩን ከፋብሪካው ውጭ ማስቀመጥ የሆነ። ለማንኛውም ፋብሪካ ይህን እመክራለሁ፣ ሰርተፊኬት ባይፈልግም እንኳ።

ቡድኑ ሰርተፊኬቱ ሲመጣ አይፈርስም። ክትትሉ በዓመት ይመለሳል፣ የመጀመሪያውም ሰርተፊኬቱ ከተሰጠ በ12 ወር ውስጥ ነው። ግን ሰው ይደክማል። እኛ በየዓመቱ ከአባላቱ ጥቂቱን እንቀይራለን፤ የሚወጣው ከሚተካው ጋር አንድ ሙሉ የውስጥ ኦዲት አብሮ ይሠራል። እትዬ አሁን ከቡድኑ ወጥተዋል። ተተኪያቸው ሚዛን ቤት የነበረችው ልጅ ናት። ያለ ወረቀት አንዲት ከረጢት እንደማታወጣ ማንም ሳይነግራት ያዘችው።

አሁን ከሥራ አስኪያጁ ጋር የምንከራከርበት ጉዳይ ስለ ሹፌሮች ነው። ክረምት ላይ ሐረጎ በጉምና በዝናብ ይሞላል። ሸራው በደንብ ካልታሰረ ዱቄቱ ደሴ ሳይደርስ ይረጥባል። ላቦራቶሪ ያለፈ ምርት መንገድ ላይ ይበላሻል፣ ቅሬታውም የሚመጣው በእኛ ስም ነው። ደረጃው ምርት እስኪደርስ ድረስ ተጠብቆ እንዲቆይ፣ ከውጭ የሚመጣ አገልግሎትም ቁጥጥር እንዲደረግበት ይጠይቃል። እኔ ከሹፌሮቹ አንዱ ቡድኑ ውስጥ ይግባ እላለሁ። ሥራ አስኪያጁ "የኮንትራት መኪና ነው፣ ሠራተኛችን አይደለም፣ እንዴት ይገባል?" ይላል። ደረጃው የቡድን አባል የደመወዝ ሠራተኛ ይሁን የሚል ቃል የለውም። ሸራው የት ጋ እንደሚቀደድ፣ የትኛው ጠመዝማዛ ላይ ጭነቱ እንደሚንሸራተት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጉዳዩን ለማክሰኞ አጀንዳ አስይዤዋለሁ። ሹፌሩም እንዲገኝ የዚያን ቀን ጭነቱን ከፈረቃ ቅያሪው በኋላ አድርገንለታል።